ለአደን ሽጉጥ የሚስማማ ማነጣጠሪያ ስለ መምረጥ

ከናይሮቢ ከተማ መካከል በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ዌስትላንድስ የተባለው ሰፈር የባንኮች፣ የሆቴሎችና የትላልቅ ሱቆች መናኸሪያ መሆኑ ለንግድ ሥራ ወደ ኬንያ ለሚመላለሱ ሁሉ የታወቀ ነው። ሳሪት ሴንተር የተባለው የገበያ አዳራሽ በ1983 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰፈሩ እየሰፋ ሄዶ፣ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ከምሎሎንጎ ተነሥቶ 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የክፍያ ጎዳና እስከዚሁ ድረስ ተዘርግቶለታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደዚህ ሰፈር ከሚሄዱት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ለአደን የሚሆን ሽጉጥና በላዩ የሚገጠም ዘመናዊ ማነጣጠሪያ ከናይሮቢ ገዝቶ መመለስ የሚቻል ይመስላቸዋል። ይህ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም፤ ናይሮቢ የአዳኞች ከተማ ተብላ ብዙ ዘመን ኖራለችና። ዛሬ ግን ይህ ዝና የታሪክ ነገር ሆኗል። ስለ ማነጣጠሪያው ከመናገራችን በፊት ይህን ማስረዳት ይገባል፤ ነገሩን ሳያውቅ የሚነሣ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ነጻነቱንም ሊያጣ ይችላልና።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣናቸውን በለቀቁበት በ1909 ዓ.ም. ሞምባሳ ወደብ ላይ ወርደው፣ ከልጃቸው ከከርሚት ጋር እስከ ሚቀጥለው ዓመት ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ሲያድኑ ከረሙ። አባትና ልጅ በዚያ ጉዞ የገደሉት እንስሳ 512 መሆኑ ተመዝግቧል። ሩዝቬልት ገና በዋይት ሐውስ ሳሉ ቦክስ ሲጫወቱ በደረሰባቸው ጉዳት የግራ ዐይናቸው ብርሃን ጠፍቶ ነበር፤ ቀኙም ቢሆን ያለ መነጽር አይረዳቸውም ነበር። እንዲህ ያለ የዐይን ድካም ያለበት ሰው ያን ያህል አውሬ መጣሉ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ያደኑት በረዥም ጠመንጃ እንጂ በሽጉጥ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከእርሳቸው በኋላ ባለጠጎች ከየአገሩ ወደ ናይሮቢ መጉረፋቸውን ቀጠሉ፤ የአደን መሪነትም የተከበረ ሙያ ሆነ።

ይህ ሁሉ በ1977 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ አከተመ። የኬንያ መንግሥት የስፖርት አደንን በመላ አገሪቱ ከለከለ። ከዚያም አስቀድሞ በ1970 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ፣ አሕመድ ተብሎ ይጠራ ለነበረው በማርሳቢት ተራራ ለሚኖር ባለ ረዥም ጥርስ ዝሆን በልዩ ድንጋጌ ጥበቃ ሰጥተውት ነበር። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ በማርሳቢት በኩል ስለሚያልፍ፣ የእኛም ነጋዴዎች የዚያን ዝሆን አገር በመኪና መስኮት አይተውታል። አሕመድ በ1974 ዓ.ም. ሞተ፤ ምስሉም ከዌስትላንድስ አጠገብ በሚገኘው በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ደግሞ፣ ሊጠፉ የተቃረቡትን እንስሳት በሚመለከት ወንጀል የሠራ ሰው ከ20 ሚሊዮን ሽልንግ የማያንስ መቀጮ ወይም የዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈረድበት ደነገገ። እንግዲህ በናይሮቢ አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ ቢገኝና «ለአደን ነው» ብሎ ቢመልስ፣ ሊያመካኝ ሲል በገዛ አፉ ሌላ ወንጀል መናዘዙ ነው።

ሽጉጥ ግን በዌስትላንድስ የለም ማለት አይደለም። የጦር መሣሪያ ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ራሳቸውን ለመጠበቅ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች አሉ። በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መንግሥት የሲቪል ሰዎችን ፈቃድ ሁሉ ሰርዞ፣ ባለ ፈቃዶቹ እንደገና ተመርምረው እንዲመዘገቡ አዝዞ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሽጉጥ ለምን እንደሚጠቅምና ለምን እንደማይጠቅም ያሳየው ግን ከዚያ በፊት የደረሰው መከራ ነው። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 ዓ.ም. አልሸባብ የላካቸው ታጣቂዎች ዌስትጌት በተባለው የዌስትላንድስ የገበያ አዳራሽ ገብተው 67 ሰዎች ገደሉ፤ ከበባውም አራት ቀን ቆየ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቪል ልብስ የለበሱ ፖሊሶችና ባለ ፈቃድ ነዋሪዎች ሽጉጣቸውን ብቻ ይዘው ገብተው ብዙ ሰው አወጡ። ከእነርሱም አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር የመሐመድ ዩሱፍ ሐጂ ልጅ አቶ አብዱል ሐጂ ነበሩ፤ ወንድማቸው በሕንጻው ውስጥ ተይዞ መቅረቱን ሰምተው የገቡ ሲሆን፣ በኋላ የጋሪሳ ሴናተር ሆነዋል።

ይህን ታሪክ እዚህ ያነሣነው ስለ ጀግንነቱ ብቻ አይደለም። ለራስ ጥበቃ በኪስ ወይም በወገብ የሚያዝ ሽጉጥ አፈሙዙ አጭር፣ ማነጣጠሪያውም ከልብስ ጋር እንዳይያያዝ ዝቅና ለስለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በመተላለፊያና በደረጃ ላይ፣ ጥቂት እርምጃ በሚሆን ርቀት፣ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። ይህንኑ ሽጉጥ ወደ ዱር ወስዶ በ60 ሜትር ላይ በቆመ ድኩላ ላይ መተኮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ሽጉጡን ሳይለውጥ ማነጣጠሪያውን ብቻ ውድ በሆነ ሲለውጥ፣ የቤት ጠባቂው መሣሪያ የአደን መሣሪያ የሆነ ይመስለዋል።

በሽጉጥ ማደን እንደ ሙያ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። ኤልመር ኪት የተባሉት የከብት አርቢና ጸሐፊ ለረዥም ጊዜ ሲወተውቱ ኖረው፣ በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ሬሚንግተን የተባሉት ኩባንያዎች 44 ማግነም የተባለውን ኀይለኛ ጥይትና ሽጉጡን ለገበያ አቀረቡ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ቶምሰን ሴንተር የተባለው ኩባንያ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውንና አፈሙዙ የሚለዋወጠውን ኮንቴንደር የተባለ ሽጉጥ አወጣ፤ ይህም የጠመንጃን ጥይት ጭምር ሊተኩስ ስለሚችል የመነጽር ማነጣጠሪያ ፈላጊው በዛ። በአፍሪካ ግን ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ደቡብ አፍሪካ በሽጉጥ ማደንን ስትፈቅድ፣ የአዳኞች መድረሻ የሆነችው ጎረቤቷ ናሚቢያ ትከለክላለች።

በኢትዮጵያ የተፈቀደ አደን የሚካሄደው በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ በተቋቋመው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቆጣጣሪነት ነው። የውጭ አዳኞች ከሁሉ አብልጠው የሚመኙት በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ነው፤ ይህ እንስሳ ለሳይንስ ዓለም የታወቀው ሜጀር አይቮር ባክስተን በ1908 ዓ.ም. ያገኙትን ናሙና ተመልክተው ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ዓ.ም. ስም ካወጡለት ወዲህ ነው። ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ከሸለቆ ማዶ፣ በአስታና በውጨና ቁጥቋጦ መካከል ሆኖ ነው። ለዚህ እንስሳ ሽጉጥ፣ ማነጣጠሪያው ምንም ቢሆን፣ አይገባም ብንል የሚቃወመን አዳኝ ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር፣ ፈቃድ ያለው ሰው፣ መካከለኛ እንስሳ በቅርብ ርቀት ሊያድን ቢነሣ ምን ዓይነት ማነጣጠሪያ ይምረጥ?

ከሁሉ የቆየውና ዛሬም ያልተሻረው የብረት ማነጣጠሪያ ነው። ከፊት አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ከኋላ አንድ ቅርጽ የወጣለት ሰሌዳ አለ፤ ዘንጉ በቅርጹ መካከል ሲቆምና ጫፋቸው ሲስተካከል ሽጉጡ ተነጣጠረ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርዝመት ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። በአንድ ትልቅ የአደን ሽጉጥ ላይ ይህ ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የፊቱ ዘንግ ከመካከል በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ ጥይቱ በ25 ሜትር ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በ50 ሜትር ላይ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በ100 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ይስታል። በጠመንጃ ላይ፣ በሁለቱ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ ያው ስሕተት በ100 ሜትር ላይ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የመካከለኛ ድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከወርቹ ኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ በ50 ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር መዛነፍ እንኳ ጥይቱን ከዚያ ቦታ አውጥቶ ሆድ ወይም አንገት ላይ ያሳርፈዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት የአምስት ወረቀት ውፍረት ያህል መሆኑን ያስቧል።

ሁለተኛው የብረት ማነጣጠሪያ ችግር የዐይን ነው። ተኳሹ የኋላውን ቅርጽ፣ የፊቱን ዘንግና እንስሳውን በአንድ ጊዜ ለማየት ይፈልጋል፤ ሦስቱም የሚገኙት በተለያየ ርቀት ነው። የሰው ዐይን ደግሞ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንዱን ርቀት ብቻ ነው። ባለሙያዎች የፊቱን ዘንግ አጥርተህ እይ፣ ሌሎቹ ይደብዝዙ ብለው የሚያስተምሩት ስለዚህ ነው። ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ ሰው ይህን ጋዜጣ ለማንበብ እጁን ሲዘረጋ ራሱን አስተውሎ ይሆናል፤ የዐይኑ ምስሪት ስለ ደረቀ ቅርቡን አጥርቶ ማየት አልቻለም። ለእንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የኋላው ቅርጽ፣ ቀጥሎም የፊቱ ዘንግ ይደበዝዝበታል። የማንበቢያ መነጽሩም አይረዳውም፤ የተሠራው ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ዘንጉ ያለው ክንድ ተዘርግቶ በ70 ሴንቲ ሜትር ግድም ነውና። መነጽር ሠሪው ዘንድ ሄዶ ርቀቱን ለክቶ ቢነግረው ለዚህ ብቻ የሚሆን መነጽር ሊሠራለት ይችላል፤ ዋጋውም ከአዲስ ማነጣጠሪያ ዋጋ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ዐይኑ ጤነኛ ለሆነና ከ30 ሜትር በላይ ለማይተኩስ ሰው ግን፣ የኋላው ሰሌዳ በብሎን የሚስተካከል ጥሩ የብረት ማነጣጠሪያ ይበቃዋል ብለን እናምናለን። ባትሪ አይፈልግም፣ በጭጋግ አይደበዝዝም፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም።

የመነጽር ማነጣጠሪያ፣ ማለት ቴሌስኮፕ፣ ሌላ ጠባይ አለው። የጠመንጃ ቴሌስኮፕ ከዐይን 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲታይ የተሠራ ነው። ሽጉጥ ግን ክንድ ተዘርግቶ ስለሚያዝ፣ ለእርሱ የሚሆነው ቴሌስኮፕ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ርቀት ላይ ምስሉን የሚሰጥ መሆን አለበት። ይህን ሳያውቁ የጠመንጃውን ቴሌስኮፕ በሽጉጥ ላይ የሚያስገጥሙ አሉ፤ ውስጡን ሲመለከቱ ጥቁር ቀለበት እንጂ ሌላ አያዩም። ምስሉን ለማግኘት ሽጉጡን ወደ ፊታቸው ቢያስጠጉት ደግሞ፣ የ44 ማግነም ርግጫ ብረቱን ግንባራቸው ላይ ያሳርፈዋል።

በማጉላት በኩል ብዙው ሰው «የበለጠ ያጎላ የተሻለ» ይላል። በሽጉጥ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አጉሊው እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል፤ ተኳሹም መስቀሉ ሲዋልል አይቶ፣ እስኪረጋ እጠብቃለሁ ሲል ክንዱ ይደክማል፣ በመጨረሻም ምላጩን በድንገት ይነጥቀዋል። የሚታየው ሜዳም ይጠብባል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የቆመውን እንስሳ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ እንስሳው ይሄዳል። ስለዚህ ለቆመ ሰው ሁለት እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል፤ አራት እጥፉ የሚገባው ሽጉጡን በድንጋይ፣ በግንድ ወይም በሹካ እንጨት ላይ አስደግፎ ለሚተኩስ ነው። የብርሃንም ነገር አለ፦ የፊቱ መስተዋት ስፋት በማጉያው ቁጥር ሲካፈል ወደ ዐይን የሚገባው የብርሃን ክብ ይገኛል። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አራት እጥፍ ማጉያ 7 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ይህም የወጣት ዐይን በምሽት ከሚከፈተው ጋር እኩል ነው። የአረጋዊ ዐይን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚከፈት፣ ከዚህ ለሚያልፍ መስተዋት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለእርሱ ትርፍ የለውም።

ሦስተኛው ዓይነት የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ነው። ኤምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1975 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ቀይ ነጥብ ካወጣ ወዲህ መሣሪያው እየተስፋፋ መጥቶ፣ ዛሬ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ሆኗል። ትንሽ መብራት በተቀባ መስተዋት ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል፤ ነጥቡም ለተኳሹ ዐይን ከእንስሳው ጋር በአንድ ርቀት ላይ ያለ ሆኖ ይታየዋል። በዚህ ምክንያት የሦስቱ ርቀት ጭቅጭቅ ይቀራል፤ ተኳሹ ሁለት ዐይኑን ከፍቶ እንስሳውን ብቻ ያያል። ዐይኑ ለደከመ ሰው ከዚህ የሚሻል ገና አልተሠራም ብንል የተጋነነ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሲገዙ ሁለት ነገር መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛው የነጥቡ ስፋት ነው። ስፋቱ የሚለካው በደቂቃ፣ ማለት በዲግሪ 60ኛ እጅ ሲሆን፣ አንድ ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ሦስት ደቂቃ የሆነ ነጥብ በ50 ሜትር ላይ 4.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለአደን ተስማሚ ነው። ስድስት ደቂቃ የሆነው በዚያው ርቀት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሚጋርድ፣ ለፈጣን የቅርብ ተኩስ እንጂ ለአደን አይመከርም። ሁለተኛው የራስ ዐይን ነው። የዐይናቸው የፊት ሽፋን ክብነቱ የተዛባባቸው ሰዎች ነጥቡን እንደ ኮከብ ተበትኖ ወይም እንደ ጭራ ተጎትቶ ያዩታል፤ ሻጩንም የተበላሸ ዕቃ ሸጠህልኝ ብለው ይከሱታል። በሞባይል ስልክ ካሜራ በኩል ነጥቡን ማየት ይህን ክርክር ያቆመዋል፤ ካሜራው ክብ አድርጎ ካየው ጉድለቱ የዐይን ነው። ከዚህ ሌላ መብራቱ ክፍት የሆነው ዓይነት በአቧራና በዝናብ ጠብታ ይሸፈናል፤ በቆላና በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው ሙሉ በሙሉ የተዘጋውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል። ጨዋማው አየር የማጥበቂያውን ብሎን እንደሚበላም አይርሳ። ቀይ ጨረር የሚወረውረውን መሣሪያ ግን ለአደን ከቁጥር አናስገባውም፤ በቀትር ፀሐይ ጨረሩ በእንስሳው ላይ አይታይም።

ከሦስቱ አንዱን መርጦ ካስገጠመ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማነጣጠሪያው የጥይቱን መውደቅ አለመከልከሉ ነው። የተለመደው የ44 ማግነም ጥይት በ50 ሜትር ላይ ልክ እንዲመታ ከተስተካከለ፣ በ100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በመስተዋቱ ውስጥ እንስሳው ጎልቶና ቀርቦ ስለሚታይ ተኳሹ ርቀቱን ይረሳዋል። የሚወጣው ጥይትም ሳይገድል ያቆስላል። አደን በሚፈቀድባቸው በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የቆሰለ አውሬ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ክፍያው ስለሚጠየቅበት፣ ነጋዴ የሆነ አዳኝ ኪሳራውን ወዲያው ያውቀዋል። የአገር አስተዳዳሪ ግን የሚያውቀው ሌላውን ኪሳራ ነው። የቆሰለ ጎሽ ወይም ነብር ማግስቱን የሚወጣው በአዳኙ ላይ ሳይሆን፣ ከብት ሊያጠጣ ወደ ወንዝ በወረደ እረኛ ላይ ነው፤ አቤቱታውም የሚቀርበው አዳኙ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ነው።

ሽጉጡንና ጥይቱን ብቻ ሳይሆን ማነጣጠሪያውንም፣ በተለይ መነጽር ያለውንና ኤሌክትሮኒክ የሆነውን፣ ከመግዛት በፊት ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማስታወቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። በኬንያ በኩል አልፎ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ አዳኝም ቢሆን የመሣሪያውን የማሳለፊያ ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ በናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ማስረዳት ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው።

ፈቃዱ ከተገኘና መሣሪያው ከተገጠመ፣ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሳሕን ይሰቀል። መጀመሪያ በ25 ሜትር፣ በጫካ ውስጥ ሊቆም በሚችልበት አኳኋን ቆሞ እንጂ በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ሳይሆን፣ አምስት ጥይት ይተኩስ። አምስቱም ሳሕኑን ከመቱ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ይመለስና ይድገም። አንዷ እንኳ ከሳሕኑ ከወጣች በዚያ ይቁም፤ የመጨረሻው ንጹሕ ርቀት የእርሱ የአደን ርቀት ነው። ይህንንም ቁጥር በሽጉጡ ሣጥን ክዳን ውስጥ ይጻፈው፤ ማነጣጠሪያውን በለወጠ፣ ብሎኑን ባጠበቀ ወይም የጥይቱን ዓይነት በቀየረ ቁጥር ሰርዞ ከ25 ሜትር ይጀምር።